ስፖኪዮ ለኤንትሬ፦ የአሮጌ ከባድ መኪና የጎን መስታወት አመራረጥና አገጣጠም

ኦከርን ከኦስሎ መሃል ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ ሠፈር ነው። የከተማዪቱ ሦስተኛ የቀለበት መንገድና ወደ ግሮሩድ ሸለቆ የሚያስገባው ኦስትረ አከር ቫይ የሚገናኙት በዚሁ ስፍራ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በኖርዌይ ትልቁ የባቡር ጭነት ማዕከል የሆነው አልናብሩ ስላለ፣ ተሳቢ የጎተቱ ከባድ መኪናዎች ከጠዋት እስከ ማታ ይመላለሱበታል። አንድ የምድር ባቡር ፌርማታ ብቻ አልፎ ሪስሎካ ላይ ደግሞ የመንገዶች ባለሥልጣኑ ተሽከርካሪ የሚመረምርበት ጣቢያ በብዙ አሽከርካሪ ዘንድ የታወቀ ነው። በእነዚህ ሁሉ መካከል ብስክሌተኛው፣ እግረኛውና ተማሪው መንገዱን ይጋራል።

ኦስሎ በዚህ ረገድ ስሟ በበጎ የሚነሣ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 በመላ ከተማዋ አንድም እግረኛ፣ አንድም ብስክሌተኛ በትራፊክ አደጋ ሕይወቱን አላጣም። ለዚህ ውጤት የፍጥነት ገደቡና የብስክሌት መንገዱ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ከባድ መኪና የሚያሽከረክር ሰው ግን ሌላም ነገር ያውቃል፤ ከጎኑ ያለውን ሰው ካላየው ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ነው። የሚያየውም በመስታወት ነው።

አዲሶቹ መኪናዎች በየጎናቸው ሁለት ሦስት መስታወት፣ አንዳንዶቹም በመስታወቱ ምትክ ካሜራ ይዘው ከፋብሪካ ይወጣሉ። ጥያቄው የሚከብደው ሃምሳና ስድሳ ዓመት የሞላውን መኪና አድሶ መንገድ ላይ ለሚያወጣ ሰው ነው። በስካንዲኔቪያ እንዲህ ያለው ፍቅር የሚያርፈው በአብዛኛው በአፍንጫማዎቹ ስካኒያና ቮልቮ ላይ ነው። ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን አሮጌ ከባድ መኪና ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው አንድ ስም ነው፦ ኤንትሬ።

ኤንትሬ የሰው ስም አይደለም፤ ፊያት 682 ኤን 3 የተባለው መኪና መለያ በጣሊያንኛ ሲነበብ የሚሰጠው ድምፅ ነው። የ682 ቤተሰብ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ ከአሰብ ወደብ እስከ መሃል አገር፣ ከዚያም እስከ ጎንደርና ጎጃም ድረስ ተሳቢውን አስከትሎ እህል፣ ጨው፣ ሲሚንቶና ነዳጅ ያመላለሰው የዚህ ዘር ልጅ ነው። የአጋጣሚ ነገር ሆኖ በአውሮፓ የተሽከርካሪ ምደባም «ኤን 3» የሚባል መደብ አለ፤ ከ12 ቶን በላይ ክብደት ያላቸውን የጭነት መኪናዎች ያመለክታል። ሁለቱ ስሞች አይዛመዱም። ያም ሆኖ የአውሮፓን ደንብ የሚያነብ አንድ የአዲስ አበባ መካኒክ በየገጹ «ኤንትሬ» የሚለውን ሲያገኝ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

የመስታወቱ መጠሪያም ከዚያው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። «ስፔኪዮ» የሚለው ቃል በአማርኛ ተናጋሪው አፍ ስፖኪዮ ሆኖ፣ ከጋቢና፣ ከፍሬቻና ከላሜራ ጋር በጋራዥ ቋንቋ ውስጥ ቤተኛ ሆኗል።

ኤንትሬን ከሌላው የሚለየውና የስፖኪዮውን ጉዳይ የሚያከብደው አንድ ባሕርይ መሪው ያለበት ቦታ ነው። ጣሊያን በቀኝ የምትነዳ አገር ብትሆንም፣ ከባድ መኪናዎቿ ለረጅም ዘመን መሪያቸው በቀኝ ነበር። ምክንያቱ የተራራ መንገድ ነው፤ ሾፌሩ በገደሉ በኩል ተቀምጦ ጎማው ከጠርዙ ምን ያህል እንደቀረው በገዛ ዓይኑ እንዲለካ ነበር የታሰበው። ሊማሊሞን የወጣ ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ኢትዮጵያም እስከ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ስትነዳ ቆይታ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ወደ ቀኝ ዞረች። ስዊድን ተመሳሳዩን ያደረገችው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም. ነው። ከለውጡ ወዲህ በኢትዮጵያ መንገድ የሚሄድ የኤንትሬ ሾፌር የተቀመጠው በመንገዱ ዳር እንጂ በመሃሉ በኩል አይደለም።

የዚህ ውጤት ቀላል አይደለም። ፊቱ ያለውን ቀርፋፋ መኪና ቀድሞ ለማለፍ የሚሻ ሾፌር ከወዲያ ማዶ የሚመጣውን ለማየት ጋቢናውን በሙሉ ወደ ግራ ማውጣት ይኖርበታል። ከኋላው ቀድሞት ሊያልፍ የተነሣውንም መኪና የሚያየው ከእርሱ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ በተሰቀለው የግራ ስፖኪዮ ነው። በኢትዮጵያ ይህን ክፍተት የሞላው ረዳቱ ነበር። በግራው መስኮት ተቀምጦ፣ አንገቱን አውጥቶ፣ ፊትና ኋላ አይቶ «እለፍ» ወይም «ቆይ» የሚል ሰው ነው። ወደ ኋላ ሲሄዱም ወርዶ «ና፣ ና፣ ና» እያለ የሚመራው እርሱ ነው። ረዳቱ ሕያው ስፖኪዮ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኦስሎ መንገድ ብቻውን የሚነዳ ባለ አሮጌ መኪና ግን ይህን ዓይን በመስታወት መተካት አለበት፤ እዚህ ላይ የፊዚክስ ሕግ ይገባል።

ጠፍጣፋ መስታወት ሐቀኛ ነው። ከበስተኋላ 20 ሜትር ላይ ያለ መኪና፣ ከሾፌሩ ዓይን 2 ሜትር በራቀ ጠፍጣፋ መስታወት ውስጥ ልክ 22 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ይታያል። ርቀቱ አይዋሽም፣ መጠኑም አይለወጥም። ችግሩ የሚያሳየው ቦታ ጠባብነት ነው። ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ መስታወት ከዓይን በ1 ሜትር ርቀት ሲሰቀል፣ 30 ሜትር ወደ ኋላ ላይ የሚያሳየው ስፋት 6 ሜትር ያህል ነው። ያው መስታወት 2 ሜትር ርቆ ሲሰቀል ግን ስፋቱ ወደ 3 ሜትር ይወርዳል። ከዚያም ላይ የራሱ የመኪናው ጎን የሚወስደው ድርሻ ይቀነሳል። ዓለም አቀፉ የተሽከርካሪ መስታወት ደንብ፣ ማለትም በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር ያለው ቁጥር 46፣ ዋናው የከባድ መኪና መስታወት ከሾፌሩ ዓይን 30 ሜትር ወደ ኋላ ላይ ቢያንስ 5 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ እንዲያሳይ ይጠይቃል። ስለዚህ ለኤንትሬው የግራ ጎን ጠፍጣፋ መስታወት ይበቃል ከተባለ፣ ወርዱ ከ30 ሳንቲ ሜትር ማለፍ ይኖርበታል። ይህን የሚያህል ጠፍጣፋ ነገር በነፋስ ፊት መስቀል ደግሞ ሸራ እንደመወጠር ነው።

ጎባጣ መስታወት ይህን ይፈታል፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል። የመስታወቱ ፊት የአንድ ትልቅ ኳስ ቁራጭ እንደሆነ ይታሰብ። የኳሱ ራዲየስ ባነሰ መጠን መስታወቱ ይበልጥ ይጎብጣል፤ የሚያሳየው ቦታም ይሰፋል። ደንቡ ለዋናው መስታወት ራዲየሱ ከ1200 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ይከለክላል። ከዓይን 2 ሜትር ርቆ የተሰቀለ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ወርድና 1200 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ያለው መስታወት 30 ሜትር ላይ 13 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል፤ ከጠፍጣፋው አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ነገር ግን ምስሉም በዚያው ልክ ያንሳል። 20 ሜትር ላይ ያለው መኪና 89 ሜትር ላይ ያለ ያህል ትንሽ ሆኖ ይታያል።

ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በመንገድ ላይ ግን እንዲህ ነው፦ ኤንትሬው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከኋላው የሚመጣው መኪና በ80። የፍጥነታቸው ልዩነት በሴኮንድ 8 ሜትር ከሲሶ ነው። 20 ሜትር ላይ ያለው መኪና አጠገቡ ለመድረስ ከሁለት ሴኮንድ ተኩል ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ሾፌሩ በመስታወቱ ተታሎ 89 ሜትር ይቀረዋል ብሎ ካሰበ ግን ከአሥር ሴኮንድ በላይ ያለው ይመስለዋል። ልዩነቱ መሪውን ወደ ግራ አጥፎ ለመውጣት በቂ ነው፤ ለአደጋም እንዲሁ።

ስለዚህ ለሩቁ ጎን ስፖኪዮ የሚመረጠው መስታወት ደንቡ የፈቀደው እጅግ ጎባጣው መሆን የለበትም። ራዲየሱ 1800 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ መስታወት በተመሳሳይ ሁኔታ 10 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል፤ ከተጠየቀው እጥፍ ነው። 20 ሜትር ላይ ያለውንም መኪና 66 ሜትር ላይ ያለ ያስመስለዋል። አሁንም ይዋሻል፣ ሆኖም ውሸቱ ይቀንሳል። በመሪው በኩል ላለው ለቀኙ ጎን ደግሞ፣ መስታወቱ ለዓይን ቅርብ ስለሆነ፣ ጠፍጣፋው በራሱ 6 ሜትር ያህል ስለሚያሳይ የቀድሞው የፋብሪካ መልክ እንዳለ ቢቆይ ብዙ ጉዳት የለውም። አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው ሁለቱንም ጎን አንድ ዓይነት የማድረግ ፈተና አለበት፤ ለዓይን ያማረ ይሁን እንጂ ለሥራው ትክክል አይደለም።

ከዋናው በታች የሚሰቀለው ትንሹ መስታወት ሌላ ተግባር አለው። ራዲየሱ ከ300 ሚሊ ሜትር የማያንሰው ይህ እጅግ ጎባጣ መስታወት ርቀትን ለመገመት ፈጽሞ አይረዳም። የሚረዳው «አንድ ነገር አለ ወይስ የለም?» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ብቻ ነው፤ ያ ጥያቄ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ከባድ መኪና በመስቀለኛ መንገድ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከጎኑ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ብስክሌተኛ የሚያሳየው ይህ ነው። ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በከባድ መኪናዎቿ ላይ ተጨማሪ የእይታ መሣሪያን ግዴታ አደረገች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2000 በኋላ የተመዘገቡ ከባድ መኪናዎች ሰፊ ማዕዘን የሚያሳይና የቅርብ መስታወት እስከ መጋቢት 31 ቀን 2009 ድረስ እንዲገጥሙ በመመሪያ አዘዘ። ከዚያ ቀን በፊት የተመዘገበውን አሮጌ መኪና መመሪያው አይመለከተውም። ብስክሌተኛውን ግን ይመለከተዋል፤ አጠገቡ ያለው መኪና በየትኛው ዓመት እንደተመዘገበ የሚያውቅበት መንገድ የለውምና።

እዚህ ላይ የኤንትሬ የቀኝ መሪ ያልተጠበቀ ውለታ ይሠራል። በግራ መሪ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሾፌር በቀኙ የሚሄደውን ብስክሌተኛ የሚያየው ከጋቢናው ወዲያ ማዶ በተሰቀለ መስታወት ነው። የኤንትሬ ሾፌር ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ በገዛ መስኮቱ ወደ ታች ሊመለከተው ይችላል። ለሊማሊሞ ገደል የታሰበው አቀማመጥ በኦከርን መስቀለኛ መንገድ ለሌላ ነገር ይጠቅማል ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ መኪና ላይ ትንሹ ጎባጣ መስታወት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው በግራ ነው፤ ብዙው ሰው እንደሚያስበው በቀኝ አይደለም። በአፍንጫማው ስካኒያ ወይም ቮልቮ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ መሪው በግራ ስለሆነ ትንሹ መስታወት በቀኝ ይሰቀላል፤ ረጅሙ ኮፈን የሚሸፍነው የፊት ለፊት ቦታም የራሱን መስታወት ይፈልጋል።

«ታሪካዊነቱ አይበላሽም ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ የማይቀር ነው። በአውሮፓ የቴክኒክ ምርመራ ሕግ መሠረት አንድ ተሽከርካሪ ታሪካዊ የሚባለው ከተሠራ ቢያንስ 30 ዓመት ሲሞላው፣ ዓይነቱ መመረት ሲያቆምና የዋና ዋና ክፍሎቹ ቴክኒካዊ ባሕርይ በጉልህ ሳይለወጥ ሲጠበቅ ነው። ሞተሩን የለወጠና መስታወት የጨመረ ሰው እኩል አይታዩም። ብልህ የሆነ ሰው ጥንታዊዎቹን ስፖኪዮዎች ለኤግዚቢሽን ቀን በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጣል፤ አዲሶቹን የሚገጥመውም በአሮጌዎቹ የብሎን ቀዳዳዎች ላይ ነው። አዲስ ቀዳዳ አለመብሳት የዚህ ሥራ ግማሽ ጥበብ ነው።

መስታወቱ ከተመረጠ በኋላ ያለው ጠላት ንዝረት ነው። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1911 ሬይ ሃሩን የመጀመሪያውን የኢንዲያናፖሊስ የ500 ማይል ውድድር ሲያሸንፍ በመኪናው ላይ የኋላ መመልከቻ መስታወት ተገጥሞለት ነበር፤ በጡብ የተነጠፈው መንገድ እጅግ ስላንቀጠቀጠው ግን ብዙም እንዳላየበት ኋላ ተናግሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መስታወት በአንድ ዲግሪ ሲዞር ከእርሱ የሚነጥረው ብርሃን በሁለት ዲግሪ ይዞራል። ግማሽ ዲግሪ ብቻ የተንቀጠቀጠ ስፖኪዮ 30 ሜትር ላይ ያለውን ምስል ግማሽ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሰዋል፤ ብስክሌተኛውም ከምልክትነት ወደ ጥላነት ይለወጣል።

ባለ ስድስት ሲሊንደር ባለ አራት ምት ዲዝል ሞተር በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ያቀጣጥላል። በደቂቃ 600 ዙር ቆሞ ሲሠራ በሴኮንድ 30 ምት፣ በ1800 ዙር ሲሄድ 90 ምት ወደ ጋቢናው ይልካል። የስፖኪዮው ክንድ የራሱ የመወዛወዣ ድግግሞሽ ከነዚህ ከአንዱ ጋር ከተገጣጠመ መስታወቱ ያለ ማቋረጥ ይርገበገባል። በቀይ መብራት ቆመው ምስሉ የሚደበዝዝ፣ ነዳጅ ሲረገጥ የሚጠራ ስፖኪዮ ያላቸው ሾፌሮች የሚያዩት ይህንኑ ነው። መድኃኒቱ ክንዱን ማሳጠርና ማጠንከር ነው። አንድ ጫፉ ብቻ የታሰረ ክንድ ርዝመቱ በግማሽ ሲቀነስ ጥንካሬው ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ የድፍን ዘንግ ውፍረት ሲታጠፍ ደግሞ ጥንካሬው አሥራ ስድስት እጥፍ ያድጋል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ክንዱን ከላይም ከታችም ማሰር ነው። የድሮዎቹ ባለ አንድ ዘንግ ስፖኪዮዎች ያምራሉ፤ ባለ ሁለት እግሩ ቅስት ቱቦ ግን ያሳያል።

የት ይታሰር? በር ላይ መስቀል ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሃምሳ ዓመት በር ማጠፊያው የላላ ነው፤ በሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር መስታወቱም አብሮ ይንቀጠቀጣል። የጋቢናው የፊት ምሰሶ ይመረጣል። ላሜራው ቀጭን ስለሆነ ከበስተጀርባው ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሰሌዳ ማስደገፍ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ብሎኑ ከጊዜ በኋላ ላሜራውን ይቀድደዋል። በመሪው በኩል ያለው መስታወት ከሾፌሩ ቀጥታ እይታ ከ55 ዲግሪ በላይ ዘወር ብሎ መሰቀል እንደሌለበት ደንቡ ይደነግጋል፤ ወደ ኋላ የተገፋ መስታወት አንገት እንዲዞር ያስገድዳልና ዓይን ከፊት መንገድ ይነሣል። በማዶ ያለው ደግሞ በጎን መስኮቱ ወይም የዝናብ መጥረጊያው በሚጠርገው የፊት መስታወት ክፍል በኩል መታየት አለበት። ከፍታውም ይታሰብበት፤ የስፖኪዮው የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ከ2 ሜትር በታች ከሆነ ከመኪናው ወርድ ከ25 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዲወጣ አይፈቀድም። የሚያልፈው እግረኛ ራስ ያለው በዚያው ከፍታ ነው።

የኦስሎ ክረምት የራሱን ሁለት ጥያቄ ይጨምራል። አንደኛው ጨው ነው። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከውኃ ጋር ሲቀላቀል ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ይሆናል፤ የአልሙኒየም ክንድ በብረት ብሎን ሲታሰርም በሁለቱ መካከል ልክ እንደ ባትሪ ያለ ሁኔታ ይፈጠርና አልሙኒየሙ ይበላል። በመካከላቸው የላስቲክ ወይም የፕላስቲክ ቀለበት ማስገባት ይህን ያቋርጠዋል። ሁለተኛው ፀሐይ ናት። በታኅሣሥ አጋማሽ በኦስሎ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማስ በላይ የምትወጣው ወደ 7 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በዚያው ቀን በአዲስ አበባ 58 ዲግሪ ያህል ትደርሳለች። እንዲህ ዝቅ ያለች ፀሐይ ቀጥታ ከመስታወቱ ወደ ዓይን ትገባለች። በክሮሚየም የተቀባ መስታወት ከሚደርሰው ብርሃን ሲሶውን ያህል ስለሚውጥ፣ ከአልሙኒየምና ከብር ቅቡ ይልቅ ለዓይን ይለዝባል፤ ደንቡ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ነጸብራቅም 40 በመቶ ስለሆነ ከዚያ አይጎድልም። ውርጩን የሚያቀልጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚገጥም ካለ ደግሞ አስቀድሞ የዲናሞውን አቅም ይመርምር። በ24 ቮልት መስመር ላይ 48 ዋት የሚጠቀም አንድ መስታወት 2 አምፔር ይስባል፤ አራት መስታወት ደግሞ 8 አምፔር።

የማስተካከሉ ሥራ ሰፊና ሜዳ የሆነ ቦታ፣ ጠመኔ፣ ሜትርና ጥቂት ጀሪካን ይፈልጋል። ሾፌሩ እንደ ልማዱ ይቀመጣል፤ ወንበሩ ከተስተካከለ በኋላ ነው መስታወቱ የሚስተካከለው። ሌላው ሰው ከሾፌሩ ዓይን ትክክል በጎን መሬት ላይ መስመር ይሠምራል። ከዚያ መስመር 4 ሜትር ወደ ኋላ፣ ከመኪናው ጎን 1 ሜትር ወጣ ብሎ አንድ ጀሪካን ይቆማል፤ 30 ሜትር ወደ ኋላ፣ 5 ሜትር ወጣ ብሎ ሌላ። ሁለቱም በዋናው መስታወት መታየት አለባቸው። ለትንሹ መስታወት ደግሞ 1 ሜትር ተኩል ወደ ኋላና 4 ሜትር ተኩል ወጣ ብሎ አንድ፣ 10 ሜትር ወደ ኋላና 15 ሜትር ወጣ ብሎ ሌላ። የመኪናው የራሱ ጎን በመስታወቱ ጠርዝ ላይ እንደ ቀጭን ጥለት ይታይ፤ ከዚያ የበለጠው ብክነት ነው፣ ጭራሽ ካልታየ ደግሞ ዓይን ርቀቱን የሚያነጻጽርበት መነሻ ያጣል። መጨረሻ ላይ ረዳት የሆነው ሰው ጀሪካኑን ትቶ ራሱ በመኪናው ዙሪያ ቀስ ብሎ ይራመድ፤ ሾፌሩም ከየትኛው እርምጃ እስከ የትኛው እንደሚሰወርበት ጮክ ብሎ ይናገር። በጠመኔ የሚከበበው ያ ስፍራ በማንኛውም መስታወት የማይሸፈነው ነው፤ ሾፌሩ ወርዶ አንድ ጊዜ በእግሩ ቢቆምበት መልካም ነው።

ብሎኖቹን ለማሰር የተለመደው የሞላ ቀለበት ብዙ አያስተማምንም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳየው፣ ብሎን የሚፈታው በዋናነት ወደ ጎን በሚገፋው ንዝረት ሲሆን፣ ስፖኪዮ ቀኑን ሙሉ የሚደርስበትም ይኸው ነው። ውስጡ ናይሎን ያለው ዳዶ ይሻላል። እርሱም ቢሆን ከመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ ጊዜ ይጠበቅ፤ የላስቲኩ መደላድል በዚያን ጊዜ ተጨምቆ ቦታውን ስለሚይዝ፣ ሲገጠም ጥብቅ የነበረው ብሎን ሩብ ዙር ያህል ላልቶ ይገኛል።